«የጭራቅ ፊልም ነው» ተብሎ የሚታለፈው ኮሎሳል

«ጭራቅ ያለበት ፊልም አይመቸኝም» ለሚል ሰው ኮሎሳልን እይ ስለው ፊቱ ይጨፈገጋል። በስፔናዊው ናቾ ቪጋሎንዶ ተጽፎ የተዘጋጀ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ፌስቲቫል ላይ የታየ ፊልም ነው። አን ሃታዌይ ግሎሪያን ሆና ትጫወታለች፦ ሥራ ያጣች፣ ሰክራ አድራ ሲነጋ ቤት የምትገባ ጸሐፊ። ኒውዮርክ ያለው ፍቅረኛዋ ይታክተውና ከቤቱ ያስወጣታል። ወደ ትውልድ ከተማዋ ትመለሳለች። በዚያው ሰሞን ሴኡል ላይ ግዙፍ ጭራቅ ይነሳል።

ሰዎች ስለ ፊልሙ የሚሉትን አንድ በአንድ እያነሳሁ ስመልስ ታሪኩን መዘርገፌ አይቀርም። ሳታዩት መስማት የማትፈልጉ እዚሁ እንለያይ።

«ጎድዚላ ነው እንዴ?»

አይደለም። ወሬው ግን ከመሬት አልተነሳም። የዝነኛው የፊልም ጭራቅ የጎድዚላ ባለቤት የሆነው የጃፓኑ ፊልም ኩባንያ ቶሆ በ2015 እ.ኤ.አ. በኮሎሳል ሠሪዎች ላይ ክስ መሥርቶ ነበር፤ ፊልሙን ለማሻሻጥ የጎድዚላን ምስል ያለፈቃድ ተጠቅማችኋል ብሎ። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ።

«ጭራቁ ያለው በሐሳቧ ነው፣ የመጠጥ ምሳሌ ነው»

ምሳሌ መሆኑስ ምሳሌ ነው። ፊልሙ ውስጥ ግን ጭራቁ እውነተኛ ነው። ግሎሪያ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ5 ላይ የልጆች መጫወቻ ሜዳ ውስጥ ከቆመች፣ ሌሊት የሆነባት ሴኡል ውስጥ ጭራቁ ብቅ ይላል። የምታደርገውን ሁሉ ያደርጋል። በምን ነቃች መሰላችሁ? አናቷን የማከክ ልማድ አላት፤ በዜና ስታየው ጭራቁም አናቱን ያክካል። ሰክራ ስትወድቅ እዚያ ሰው ይሞታል። በኋላ ይቅርታን በኮሪያኛ መጻፍ ተምራ ሜዳው ላይ ትጽፋለች፤ ጭራቁ ያንኑ የሴኡል መሬት ላይ ይጽፋል። «የጎዳሁት ራሴን ነው፣ ማንን ነካሁ?» ለሚል ጠጪ ከዚህ የከበደ መልስ በሲኒማ አላየሁም።

«ኦስካር ስለሚወዳት ነው የሚቀናው»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ መጀመሪያ ላይ እኔም ተሸውጄ ነበር። ኦስካር (ጄሰን ሱዴኪስ) አብሮ አደጓ ነው፣ ቡና ቤት አለው። ሥራ ይሰጣታል። ባዶ ቤቷ ድረስ ቴሌቪዥን ያመጣላታል። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ከየት ይገኛል ትላላችሁ፣ ውለታው ቀስ በቀስ ገመድ እስኪሆን ድረስ። እሱም ሜዳው ላይ ሲቆም ሴኡል ውስጥ ሮቦት ሆኖ ይታያል። ይህን ሲያውቅ ማስፈራሪያ አገኘ፦ ከተማውን ለቅቃ ከሄደች በየጠዋቱ እየመጣ ሰው ሊረግጥ። አንድ ቀን ደግሞ ቡና ቤቱ ውስጥ ትልቅ ርችት ይለኩሳል፤ የራሱን ቤት! ጭራቁ ሕንፃ ሲያፈርስ ያልደነገጥኩት ሰውዬ እዚህ ጋ ደነገጥኩ።

ፍቅር አለመሆኑን የሚነግረን የልጅነታቸው ትዝታ ነው። የግሎሪያን የትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ነፋስ ይወስደዋል። ኦስካር ላምጣልሽ ብሎ ይሄድና አታየኝም ብሎ በእግሩ ይጨፈልቀዋል። ያኔም የሚጠላው የራሱን ማነስ ነበር።

«የኒውዮርኩ ፍቅረኛዋ ግን ትክክል ነበር»

በመጠጡ ነገር አዎ። አነጋገሩ ግን የሚገሥጽ አለቃ እንጂ የሚያፈቅር ሰው አይመስልም።

«ገንዘብ አላመጣም፣ ስለዚህ አይረባም»

15 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ወጥቶበት በሲኒማ የግማሹን እንኳ አልመለሰም። እውነት ነው። ሳቅ ፈልጎ የገባው ድብርት፣ ጭራቅ ፈልጎ የገባው የቡና ቤት ወሬ ሲገጥመው ምን ያድርግ?

«መጨረሻ ላይ ዳነች»

ግሎሪያ ሴኡል ድረስ ትበራለች። እሷ እዚያ ስትቆም ጭራቁ በተራው አሜሪካ፣ ሜዳው ላይ ይነሳል፤ ኦስካርን አንስቶ ይወረውረዋል። ከዚያ እዚያው ሴኡል አንድ ቡና ቤት ትገባለች። አንድ የሚገርም ታሪክ ልንገርሽ ትላለች አስተናጋጇን። ልጅቷም እሺ ትልና መጠጥ ላምጣልሽ ወይ ስትል ትጠይቃታለች። ግሎሪያ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ፊልሙ እዚያ ላይ ያበቃል።