ግድቡ «ተገለበጠ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ የግድብ ውኃ ከኅዳር ውርጭ ማግስት ድንገት ቢደፈርስና ቢሸት «መርዝ ገባበት» ብሎ መደንገጥ ያለ ነው። ከውጭ ምንም ሳይገባ ውኃው ራሱ ተገላብጦ ሊሆን ይችላል።

በሞቃት ወራት ፀሐይ ላዩን ታሞቀዋለች። የሞቀው ስለሚቀል ከላይ ይቀራል፤ ቀዝቃዛው ከታች ይተኛል። የዲግሪው ልዩነት ትንሽ ነው ብለው አይናቁት። ውኃ ከ25 ወደ 26 ዲግሪ ሲሞቅ የሚቀለው፣ ከ5 ወደ 6 ሲሞቅ ከሚቀለው 10 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ እንደ ጀማ ሸለቆ ባለ ቆላ አንድ ሁለት ዲግሪ እንኳ ሁለቱን ለያይቶ ሊያቆይ ይችላል። ደጋው ላይ የሌሊቱ ብርድ ንብርብሩን ቶሎ ያፈርሰዋል።

ተለያይተው በቆዩ ቁጥር የታችኛው አየር ያጣል። የሚበሰብሰው ቅጠል ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ብረት፣ ማንጋኒዝና የተበላሸ ዕንቁላል የሚሸት ጋዝ ይከማቻል። ከዚያ ላዩ ቀዝቅዞ ሲከብድ ይሰምጣል፣ ንፋስም ያግዘዋል፣ የታቹ ይወጣል። ዓሣ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ የሚችለው ያኔ ነው፤ ያሳዝናል።

የክረምት ጎርፍ ደግሞ ቀዝቃዛና ጭቃማ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ከሥር ሾልኮ ይገባል፤ ላዩ ጠርቶ ታቹ ድፍርስ ይሆናል። ለመጠጥ በሚቀዳ ግድብ እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ውኃው ከስንት ሜትር ጥልቀት እንደሚሳብ ነው።