169.254 ምን የሚሉት አድራሻ ነው?

ፒያሳ አካባቢ ያለ ቢሮ። ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ። ሁሉም ኮምፒውተር ተነሳ፣ የአንዷ ልጅ ግን ኢንተርኔት እምቢ አላት። የኔትወርክ ዝርዝሩን ስንከፍት አይፒ አድራሻው፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ 169.254.38.12 ይላል። «አድራሻማ አለው! ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

ግራ የሚያጋባው እዚህ ጋ ነው። ይህን አድራሻ የሰጠው የለም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ያወጣው ነው። በወጉ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሲነሳ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ይጣራል። ቢሮውን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ሳጥን፣ ራውተሩ፣ ይሰማና ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራ ቁጥር ያከራየዋል። እግረ መንገዱንም መውጫ በሩን፣ ማለትም ጌትዌዩን፣ እና የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን ዲኤንኤስ ይነግረዋል። ይህ አሠራር ዲኤችሲፒ ይባላል። የሚመልስለት ሲያጣ ዊንዶውስ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሱ ይመርጣል። በዚህ ቁጥር እዚያው ኔትወርክ ውስጥ ካለ፣ እንደሱ ለራሱ ቁጥር ካወጣ ማሽን ጋር ማውራት ይቻላል። መውጫ በር ስለሌለው ግን ኢንተርኔት ላይ አይደርስም።

ብዙ ሰው ይሄኔ ቁጥር በእጁ ይጽፋል። እኔ አልወደውም። ሌላ ማሽን የያዘውን ቁጥር ከጻፋችሁ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ከዚያ ጣጣው ሌላ ነው። ቅንብሩን «በራሱ ያግኝ» የሚለው ላይ ተዉትና ኬብሉን ተከተሉ።

እኛም ተከተልን። ጠረጴዛው ስር እሷና ፕሪንተሩ የሚጋሩት ትንሽ ስዊች፣ ማለትም የኔትወርክ ኬብሎችን የሚያገናኝ ሳጥን፣ አለ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ደህና ይመስላል። ከግድግዳው የሚመጣው ኬብል ግን ወልቋል። ቀጭ አድርገን ሰካነው፤ ትንሽ ቆይቶ ራውተሩ የሰጠው 192.168.1.27 መጣ።