ዲጂታል ርክክብ ምንድን ነው? የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ በምን ይሰጥ?

ሠርግ ቀርጸን ስንጨርስ ከሙሽሮቹ ቤተሰብ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ «መቼ ይደርሳል?» በምን እንደሚደርስ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ዲጂታል ርክክብ የምለው ደንበኛው ሥራውን በእጁ አስገብቶ፣ በራሱ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ከፍቶ፣ ጥራቱ ሳይጓደል ሲያየው ነው። ሊንኩ ተልኮለት መክፈት ካቃተው፣ ለእኔ ሥራውን ገና አልተረከበም።

ይህን ያወቅኩት አንዲት የሙሽራ እናት ሳሎን ውስጥ ነው። ቪዲዮውን በፍላሽ ሰጥቼ ሄጄ ነበር። በማግስቱ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ዘፈኑ ይሰማል፣ ሰው ግን አይታይም እኮ!» ስደርስ ቡና ተፈልቷል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጧል። እኔም አፈርኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቪዲዮውን ኤክስፖርት ያደረግኩት ኤች 265 በሚባለው ኮዴክ፣ ማለትም ቪዲዮን አጭቆ በሚያስቀምጥ ስልት ነው። ይህ ኮዴክ የፋይሉን መጠን በጣም ይቀንሳል፤ ቆየት ያሉ ብዙ ቴሌቪዥኖች ግን አያነቡትም። በኤች 264 አውጥቼ ስመልሰው ወዲያው ከፈተ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ለቴሌቪዥን የሚሄደውን ሁሉ በኤች 264 ነው የማወጣው።

ፍላሽ ሌላም ጉድ አለው። ፋት 32 በሚባለው የቆየ የፋይል አደረጃጀት ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ ባለ 64 ጊጋ ሆኖ ባዶውን ቢሆንም፣ ፋይሉ ትልቅ ነው ብሎ ይመልሰዋል። በኤክስፋት ፎርማት ሲደረግ ይቀበላል፤ ያንን ደግሞ የማያነቡ ቴሌቪዥኖች አሉ። ስለዚህ ቪዲዮውን እከፋፍለዋለሁ፦ የሙሽራዋ ቤት፣ መናፈሻው፣ አዳራሹ፣ መልሱ። ከ4 ጊጋ ያለፈ ክፍል ካለ እሱንም ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ እያንዳንዱ ከ4 ጊጋ በታች ይሆናል። ይህ ለተመልካቹም ይመቻል። መልሱን ብቻ ማየት የፈለገ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሪሞት ይዞ አይለፋም።

ብዙ ሰው ደግሞ «በቴሌግራም ላክልኝና በቃ» ይላል። ይቻላል፤ አላላኩ ግን ይለያያል። ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ ቴሌግራም ኮምፕረስ ያደርገዋል፤ ማለትም መጠኑን ለማሳነስ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ስልክ ላይ ያምራል። ለአልበም ወይም ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ሲታተም ግን ገመናው ይወጣል። የሐበሻ ቀሚሱን ጥለት ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ክሩ ከክሩ ተደበላልቆ እንደ ቀለም ንክር ይሆናል። ያ ጥለት በእጅ የተሠራ ነው፣ ስንት ቀን የተለፋበት ነው፤ በአላላክ ምክንያት መጥፋቱ በጣም ያናድደኛል። «እንደ ፋይል» ተብሎ ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። በነጻው ቴሌግራም አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ፣ በፕሪሚየም እስከ 4 ጊጋ ይሄዳል።

ክላውድስ፣ ማለትም ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦ ሊንኩን መላክስ? ጉግል ድራይቭ በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋ ነው፤ እሱንም ከጂሜይልና ከጉግል ፎቶስ ጋር ይጋራል። አሁን አንድ ሠርግ እናስላ። አንዱ 10 ሜጋባይት የሆነ 800 ፎቶ 8 ጊጋ ነው። በሰከንድ 20 ሜጋቢት የሆነ (8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው) የሁለት ሰዓት ቪዲዮ ወደ 18 ጊጋ ይጠጋል። በድምሩ 26። በነጻው አይገባም። ቪዲዮውን ብቻ በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚጭን ኢንተርኔት ለመላክ 8 ሰዓት ያስፈልጋል፤ መብራት ካልጠፋ ነው ታዲያ። ደንበኛው በሞባይል ዳታ ካወረደው ደግሞ ጥቅሉን ሙልጭ አድርጎ ይበላበታል።

ሆኖም እህት ዋሽንግተን፣ ወንድም ዱባይ ካለ ከሊንክ የተሻለ ነገር የለም። ድሮ ሲዲ ለመንገደኛ ይሰጥ ነበር፤ መንገደኛው እስኪገኝ ወር ያልፋል። ዛሬ ማታውኑ ያዩታል። አንዳንድ የፋይል መላኪያዎች ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ፋይሉን ያጠፉታል። ሊንክ ሲሰጣችሁ የሚያበቃበትን ቀን አብራችሁ ጠይቁ።

ለመምረጥ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ከቀራጩ ጋር ሁለት ነገር ተነጋገሩ፦ ቤተሰቡ የሚያየው በምንድን ነው? ውጭ አገር የሚጠብቅ ማን አለ? እኔ አብዛኛውን ጊዜ ለወላጆች ፍላሽ፣ ለውጭዎቹ ሊንክ፣ ለሙሽሮቹ ደግሞ ፎቶዎቹን እንደ ፋይል እሰጣለሁ። ኮፒውን ለስንት ጊዜ እንደማስቀምጥም ውሉ ላይ እጽፋለሁ። ሙሽሮቹንም ኮምፒውተር ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ አንድ ኮፒ እንዲያስቀሩ እለምናቸዋለሁ፤ ፍላሽ ትንሽ ዕቃ ነው፣ ይጠፋል።

ፍላሹን ሳስረክብም አሁን ቶሎ አልወጣም። ራሴ ቴሌቪዥኑ ላይ እሰካውና እከፍተዋለሁ፤ እናትየዋ ልጃቸውን ስክሪኑ ላይ ሲያዩ ነው ጫማዬን የማደርገው።