በአክሰስ ሊስት ውስጥ «ዲናይ» ምንድን ነው?

አክሰስ ሊስት ፋየርዎል ወይም ራውተር ማን ይለፍ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስንበት ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ሕግ ነው። «ፐርሚት» ያሳልፋል፤ «ዲናይ» ይከለክላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ስንቱ ለምን ይሳሳትበታል?

ዲናይ ላይ ከተጻፈው ቃል እኩል የቆመበት ቦታ ስለሚወስን ነው። መሣሪያው ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ያነባል። ፓኬቱ (በኔትወርኩ የሚጓዘው ቁራጭ መረጃ) ከአንዱ መስመር ጋር ከገጠመ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ከዚያ በታች ምን እንደተጻፈ ዞር ብሎም አያይም።

ለምሳሌ የ10.1.5.0/24 ኔትወርክ (በ10.1.5 የሚጀምሩት አድራሻዎች በሙሉ) ሰርቨሩን እንዲያገኝ ፈቀድን እንበል። ከመካከላቸው 10.1.5.20 የሚባለው ኮምፒውተር ብቻ እንዳይገባ እንፈልጋለን። ብዙ ሰው መጀመሪያ ኔትወርኩን ይፈቅድና ከሥሩ ዲናዩን ይጨምራል። ኮምፒውተሩ ግን እንደ ልቡ ይገባል። የላይኛው ፐርሚት እሱንም ያቀፈ ስለሆነ ፓኬቱ ዲናዩ ጋ ሳይደርስ አልፏል። መስመሩ ስንት ፓኬት እንደያዘ የሚያሳየውን ቆጣሪ ብታዩት ዲናዩ አንድም ፓኬት አልያዘም፤ ዜሮ ነው። መፍትሔው መስመሮቹን ማገላበጥ ነው፦ ጠበብ ያለው ከላይ፣ ሰፋ ያለው ከታች።

ሁለተኛው ወጥመድ ደግሞ ዓይን አያየውም። በሲስኮ መሣሪያዎች ላይ በእያንዳንዱ አክሰስ ሊስት መጨረሻ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉን የሚከለክል ዲናይ አለ። ስለዚህ ዲናይ ብቻ ያለበት ዝርዝር ሁሉንም ይዘጋል ማለት ነው። እኔም ይህን የተማርኩት በመከራ ነው። ቴልኔትን (መሣሪያ ከርቀት የሚታዘዝበትን የድሮ መንገድ) ለመዝጋት እሱ የሚጠቀምበትን ፖርት 23ን የሚከለክል አንዲት መስመር ጻፍኩና ኢንተርፌሱ (የራውተሩ መገናኛ በር) ላይ ጫንኳት። ጉድ ፈላ! ቴልኔቱም፣ ኢሜይሉም፣ ከርቀት የገባሁበት የራሴ መስመርም ድርግም አለ። የረሳሁት ከዲናዩ በታች «የቀረው ሁሉ ይለፍ» የሚለውን ፐርሚት ነበር። ራውተሩ ጋ በእግሬ ሄጄ ነው የፈታሁት። ከዚያ ወዲህ ከርቀት ስሠራ መጀመሪያ ራውተሩ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን እንዲያስነሳ አዘዋለሁ። ለውጡን ሴቭ ስላላደረግኩት ብዘጋበትም ሲነሳ የድሮው ዝርዝር ይመለሳል። ሁሉም ከሠራ ትዕዛዙን እሰርዛለሁ።

ያን የማይታይ ዲናይ አንዳንዱ በእጁ ይጽፈዋል። ድግግሞሽ ይመስላል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። በእጅ ሲጻፍ ቆጣሪው ይታያል፣ ሎግም ማድረግ (የተከለከለውን መዝግቦ መያዝ) ይቻላል። «ለምን አይሠራም?» ተብሎ ሲጠየቅ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ከአድራሻው የትኛው ክፍል መግጠም እንዳለበት የሚናገረው ማስክም ያሳስታል። የሲስኮ ራውተር አክሰስ ሊስት የተገለበጠ ማስክ ነው የሚጠቀመው፤ ለ/24 የሚጻፈው 0.0.0.255 ነው። በልማድ 255.255.255.0 ከጻፋችሁ መጀመሪያ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች ተዋቸው፣ የመጨረሻዋን ብቻ ተመልከት ማለታችሁ ነው። ከ10.1.5.0 ጋር ሲሆን በዜሮ የሚያልቁ አድራሻዎችን ብቻ ይይዛል። ልትከለክሉት ያሰባችሁት ኔትወርክ ዝም ብሎ ያልፋል። የዚያው ኩባንያ ኤኤስኤ ፋየርዎል ላይ ደግሞ የተለመደው ማስክ ነው የሚጻፈው። አናደደኝ ብትሉ አልፈርድባችሁም።

መከልከል ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። በሊኑክሱ ፋየርዎል በአይፒቴብልስ «ድሮፕ» ፓኬቱን ድምፅ ሳያሰማ ይጥላል፤ ላኪው መልስ ሲጠብቅ ይቆያል። «ሪጀክት» ግን አይቻልም ብሎ ይመልሳል፣ ላኪውም ወዲያው ያውቃል። ከውጭ ለሚመጣ ድሮፕ፣ በውስጥ ላሉ ተጠቃሚዎች ሪጀክት ይሻላል ባይ ነኝ። የራሳችሁን ሰው በከንቱ አታስጠብቁት።

ቅደም ተከተል ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። በዊንዶውስ ፋየርዎል የሚከለክለው ሕግ የትም ይቀመጥ የሚፈቅደውን ያሸንፋል። በኦፕንቢኤስዲው ፋየርዎል በፒኤፍ ደግሞ የሚጸናው መጨረሻ የገጠመው መስመር ነው፤ «ኩዊክ» የሚል ቃል ካልገባበት በቀር። በአማዞን ክላውድ ሴኪዩሪቲ ግሩፕ ውስጥ ዲናይ ጭራሹኑ የለም። አንድን አድራሻ ለይቶ ለመከልከል ወደ ኔትወርክ ኤሲኤሉ (የአማዞን አክሰስ ሊስት) መሄድ ያስፈልጋል፤ እዚያ ሕጎቹ ቁጥር አላቸው፣ ትንሹ ቁጥር ቀድሞ ይታያል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፒንግ እንዳይሠራ ብላችሁ አይሲኤምፒን (ፒንግም የስህተት መልእክቶችም የሚሄዱበትን ፕሮቶኮል) ሙሉ በሙሉ ዲናይ አታድርጉ። ፓኬት ከመንገዱ ሲተልቅ «አሳንሰህ ላክ» የሚለው መልእክት የሚመጣው በእሱ ነው። እሱ ከተዘጋ ትንንሹ ነገር ይሠራል፣ ግንኙነቱም ይጀመራል፤ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን መሃል ላይ ቀጥ ይላል። የዚህን መንስኤ ለማግኘት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰርቨሩን ስትወቅሱ ትውላላችሁ።