የበር ተምሳሌት በቀደምት የሕንፃ ፎቶግራፍ፦ ምንድን ነው?

«በሩ ውስጥ ያለው ጨለማ ሞትን ይወክላል።» ስለ መጀመሪያዎቹ የሕንፃ ፎቶግራፎች በተጻፈ ቁጥር ይህ አባባል አይቀርም። ሰሞኑንም አንድ ተንታኝ የእንግሊዛዊውን የፎቶግራፍ ፈር ቀዳጅ የዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦትን «ክፍት በር» የተባለ ፎቶግራፍ (1844 እ.ኤ.አ.) በዚሁ ፈታው። ተምሳሌት የለም አልልም፤ አለ። ግን ጨለማው ላይ አይደለም።

ጨለማውን ያመጣው ወረቀቱ ነው። ከቀትር ፀሐይ ወደ ጎጆ የገባ እንግዳ መጀመሪያ ምንም አይታየውም፤ ዓይኑ ሲለምድ ምሰሶውም መደቡም ብቅ ይላል። የታልቦት ካሎታይፕ ወረቀት፣ ማለትም ብርሃን የሚቀርጽ ኬሚካል የተቀባው የፎቶ ወረቀት፣ ዓይኑ የማይለምድለት እንግዳ ነው፤ ለደጁ ፀሐይ በተለካ ጊዜ የውስጡን ማየት አይችልም። ይህ እንግዳ ደግሞ በደንብ የሚያየው ሰማያዊውን ብርሃን ብቻ ስለሆነ፣ ቡናማ ሳንቃ ከእውነተኛ መልኩ ይልቅ ጠቁሮ ይቀርበታል። ደፍ ላይ ሰው አለመኖሩንም ወዲያው «ብቸኝነት» ማለት አይገባም፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ለረጅም ጊዜ በተከፈተ ካሜራ ፊት ሳይመዘገብ ያልፋል።

አሁን ሥዕሉን ቀርበን እንየው። በሩ የላኮክ አቢይ፣ የታልቦት የራሱ ቤት ግቢ ነው። መጥረጊያው ደፉ ላይ በሰያፍ ተደግፏል፤ ጥላውም አብሮት ያዘነብላል። ፋኖስና ልጓም ተሰቅለዋል። ጨለማው መሐል ደግሞ የጀርባው መስኮት ፍርግርግ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። መውጫ የሌለው ገደል ለማሳየት የፈለገ ሰው ያንን መስኮት ባልተወው ነበር! ይህን ትዕይንት ታልቦት ደጋግሞ አንስቶታል፤ እናቱም ቀደም ያለውን ቅጂ «የመጥረጊያው የብቻ ንግግር» ብላዋለች። ቤተሰቡ ያነበበው መጥረጊያውን ነው። እሱ ራሱም ከሥዕሉ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ የጠቀሰው የዕለት ተዕለት ኑሮን የሚሥሉትን የኔዘርላንድ ሠዓሊዎች ነው። ተምሳሌት የምለው ይህን ነው፦ ሰው መርጦ ያስቀመጠውን።

ስክሪን ላይ ባየኸው ጥቁረት ብቻም አትፍረድ። የጨው ወረቀት ኅትመቶች (በጨውና በብር በተዘጋጀ ወረቀት ላይ የታተሙ የዚያ ዘመን ፎቶዎች) ይደበዝዛሉ፤ አንዱ ቅጂ ከሌላው ይለያል፤ ስካን ያደረገውም ሰው ንፅፅሩን ጨምሮ ሊሆን ይችላል።

የቤተ ክርስቲያን በሮች ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናቸው። በ1851 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ የታሪካዊ ሐውልቶች ኮሚሽን ፎቶግራፍ አንሺዎቹን እነ ባልዱስን፣ ለ ሴክን፣ ለ ግሬን ያሰማራቸው ሕንፃዎቹ ያሉበትን ሁኔታ እንዲመዘግቡ ነበር። በእነዚያ መግቢያዎች ላይ ተቀርጾ የምታነበው የፍርድ ቀን ትዕይንት የድንጋይ ጠራቢው ሥራ ነው፤ የካሜራው ባለሙያ ድርሻ የቆመበት ቦታና የመረጠው ሰዓት ነው።