ሯጮቻችን የሚያዘወትሯት ቫሌንሲያ፦ የጉዞ ወጪና ዝግጅት

አትሌቲክስ የሚከታተል ሰው የቫሌንሲያን ስም ሳይሰማ ዓመት አያልፍም። ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2020 የ5,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ14፡06.62 የሰበረችው እዚያ ነው። በዓመቱ ተመልሳ የግማሽ ማራቶኑን በ1፡02፡52 ሰበረችው። አማኔ በሪሶ በ2022 ማራቶኑን በ2፡14፡58፣ ሲሳይ ለማ በ2023 በ2፡01፡48 አሸንፈዋል። ዮሚፍ ቀጀልቻም በ2024 በግማሽ ማራቶን 57፡30 ሮጦ ክብረ ወሰን ይዞ ተመልሷል። ከተማዋ ራሷን «የሩጫ ከተማ» ብላ ነው የምትጠራው። ታዲያ በቴሌቪዥን የምናያትን ይቺን ከተማ ሄዶ ለማየት ስንት ያስወጣል?

አጭሩ መልስ «እንደ ቀኑ ነው» የሚል ነው። ቫሌንሲያ በስፔን በሕዝብ ብዛት ሦስተኛዋ ከተማ ናት። 800 ሺህ ገደማ ሕዝብ አላት፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ተቀምጣለች፣ ከባርሴሎናና ከማድሪድ ጋር ስትነጻጸር ደግሞ ረከስ ትላለች። ሆኖም በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀናት አሉ፤ በእነሱ ቀናት የሄደ ሰው «ቫሌንሲያ ርካሽ ናት ያለው ማነው?» ብሎ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ፋያስ የሚባለው በዓል ነው። ከማርች 15 እስከ 19 ይከበራል፣ በእኛ ከመጋቢት 6 እስከ 10 መሆኑ ነው። በየሰፈሩ ከእንጨት፣ ከካርቶንና ከፎም የተሠሩ ግዙፍ ምስሎች ይቆማሉ። አንዳንዶቹ ፎቅ ያክላሉ። ፖለቲከኛው ይታማባቸዋል፣ ዝነኛው ይቀለድበታል። ከዚያ በመጨረሻው ሌሊት ሁሉም ይቃጠላሉ። ደመራ ለለመደ ሰው እሳቱ እንግዳ አይሆንም፤ ፎቅ የሚያህል ደመራ በየመንገዱ ጥግ ሲነድ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። (የሚቃጠልበት መጋቢት 10 በእኛ መስቀሉ የተገኘበት ቀን ነው። ግጥምጥሞሽ ነው እንጂ ዝምድና የለውም፤ እነሱ የሚያከብሩት ቅዱስ ዮሴፍን ነው።) ከማርች 1 ጀምሮ ደግሞ በየቀኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ማስክሌታ የሚሉት ርችት ይተኮሳል። ይሄ ርችት ለዓይን ሳይሆን ለጆሮ ነው፣ ደረት ውስጥ ገብቶ ያንቀጠቅጣል። በዓሉን ዩኔስኮ በ2016 መዝግቦታል። በዚያ ሳምንት የአልጋ ዋጋ እጥፍ ቢሆን አይግረምዎ፤ ከዚያም በላይ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው የማራቶኑ ሳምንት ነው። ማራቶኑ በዲሴምበር የመጀመሪያ እሑድ ይሮጣል። ከ30 ሺህ በላይ ሯጭ ይሰለፋል፣ ብዙው ደግሞ ቤተሰብና ጓደኛ አስከትሎ ነው የሚመጣው። ግማሽ ማራቶኑ በኦክቶበር መጨረሻ ነው፤ እሱ ያን ያህል ከተማውን አያጨናንቅም። ኢትዮጵያውያንን ለመደገፍ የሚሄድ ሰው ቀኑን መቀየር ስለማይችል አማራጩ ቀድሞ መያዝ ብቻ ነው። ሊሰረዝ የሚችል ክፍል ስድስት ወር ቀድሞ ይዞ፣ ኋላ የተሻለ ከተገኘ መቀየር ነው።

ቀኑ የማያስጨንቀው ሰው ከገና ግርግር በኋላ ያለውን የጃንዋሪና የፌብሩዋሪ ጊዜ ይምረጥ። ክረምታቸው ለስላሳ ነው፣ ቀን ላይ 15 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ኤፕሪልና ሜይ አየሩም ዋጋውም መካከለኛ ናቸው። ኦገስትን ግን ባይነኩት ይሻላል፤ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ተደምሮ ያታክታል፣ የሰፈር ምግብ ቤቶችም እረፍት ወጥተው ይዘጋሉ።

ቪዛውና ገንዘቡ

የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ወይም የሸንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለው ወገን ይሄን ክፍል ይዝለለው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከአዲስ አበባም ሆነ ከዱባይ የሚነሳ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች 45 ነው፣ ከ6 ዓመት በታች ነጻ። ቪዛው ቢከለከል ብሩ አይመለስም። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይገባል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው። እኔን ቢጠይቁኝ ሦስት ወር ቀድሞ ማስገባት ደህና ነው።

ከሰነዶቹ ሁሉ ሰው የሚሰናከለው በገንዘብ ማስረጃው ነው። ስፔን የምትጠይቀውን መጠን በግልጽ ጽፋ አስቀምጣለች። ለአንድ ሰው በቀን ከወር ዝቅተኛ ደመወዛቸው 10 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ይሄ 118.40 ዩሮ ነበር። ለሦስት ቀን ቢሄዱም እንኳ በጠቅላላ ከ1,065.60 ዩሮ ማነስ አልነበረበትም። ደመወዙ ሲጨምር ቁጥሩም አብሮ ይጨምራል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ግዴታ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት ግን ቪዛው ሳይመታ አይግዙ፤ መጀመሪያ ቦታ የተያዘበት ወረቀት ይበቃል።

ቁጥሩ ትልቅ መሰለ? ቫሌንሲያ ላይ ቆጠብ ብሎ የሚኖር ሰው ያን ያህል አያወጣም። ሆስቴል አልጋ ይዞ፣ ምሳውን በዕለቱ ሜኑ በልቶ፣ በእግሩና በአውቶቡስ የሚዞር ሰው በቀን ከ60 እስከ 80 ዩሮ ይበቃዋል። ሁለት ሰው ሆኖ ደህና ክፍል የሚይዝ በነፍስ ወከፍ 100 አካባቢ ያስብ። ይሄ ተራ ቀን ላይ ነው፤ ፋያስ ላይ አይሠራም።

እንዴት ይገባል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማድሪድ ይበራል። ከማድሪድ ወደ ቫሌንሲያ ሌላ አውሮፕላን መያዝ ይቻላል፤ ባቡሩ እያለ ግን ብዙም ትርጉም የለውም። ፈጣኑ ባቡር በ2010 መጨረሻ የተከፈተ ሲሆን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያደርሳል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ውድድር ገባበት። መንግሥታዊው ሬንፌ አቬ እና ርካሹን አቭሎ ያስኬዳል፤ ዊጎ እና ኢርዮ የሚባሉ ተፎካካሪዎችም አሉት። ለተጓዥ ሰርግና ምላሽ ሆነ ማለት ነው። ቀድሞ የገዛ ሰው በ20 ዩሮ አካባቢ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። በዕለቱ የገዛ ሦስት አራት እጥፍ ሊከፍል ይችላል።

ሁለት ነገር ያስተውሉ። አንደኛ፣ ማድሪድ ሁለት ትልልቅ ጣቢያዎች አሏት፣ ቻማርቲን እና አቶቻ። ተቃራኒ ጫፍ ላይ ናቸውና ቲኬቱ ላይ የቱ እንደተጻፈ አይተው ይሂዱ። ሁለተኛ፣ ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ስፔን ደግሞ በበጋቸው ከእኛ አንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስልክዎ ራሱ ያስተካክላል፣ ጭንቅላት ነው የሚዘገየው።

ከሌላ የአውሮፓ ከተማ በቀጥታ ቫሌንሲያ የሚያርፍ ሰው ታክሲ አያስፈልገውም። አየር ማረፊያው ከመሀል ከተማ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜትሮው፣ ቁጥር 3 እና 5፣ በ25 ደቂቃ ውስጥ በ5 ዩሮ አካባቢ መሀል ያስገባል። ከተማ ውስጥ በአውቶቡስ ለመዞር የ10 ጉዞ ካርድ ከገዙ ከነጠላ ቲኬት ይረክሳል። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት ተከራይቶ መዞርም ቀላል ነው።

አልጋ የሚይዝ ሰው አሮጌው ከተማ፣ በተለይ ኤል ካርመን፣ ውብ ግን ሌሊቱን የሚጮህ መሆኑን ይወቅ። ሩሳፋ የካፌና የወጣት ሰፈር ነው። ቤኒማክሌት የተማሪዎች ነው፣ ረከስ ይላል፣ በሜትሮም ይደረሳል። ባርሴሎና በአዳር የምታስከፍለው የቱሪስት ግብር እዚህ የለም። ክልሉ ሕግ አውጥቶለት ነበር፤ ሥራ ላይ ሳይውል በ2023 ሻሩት።

ምን ይበላል፣ በስንት?

ስፔን ውስጥ ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው ዋናውን ምግብ ምሳ ላይ ይበላል። በሥራ ቀናት «ሜኑ ዴል ዲያ» የሚባል አለ። መጀመሪያ ምግብ፣ ዋና ምግብ፣ ዳቦ፣ መጠጥ፣ ጣፋጭ ወይም ቡና፣ ሁሉም በአንድ ሒሳብ፣ ከ12 እስከ 16 ዩሮ። ምሳ ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀምራል። እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት የሚጠይቅ ሰው ቱሪስት መሆኑ ታውቆበታል።

ቫሌንሲያ የራሷ የሆነ አንድ ተጨማሪ ጉድ አላት፣ ኤስሞርሳሬት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ሠራተኛው፣ ጡረተኛው፣ ፖሊሱ ሁሉ ቡና ቤት ይሰበሰባል። ክንድ የሚያህል ሳንድዊች፣ ወይራ፣ ኦቾሎኒ፣ መጠጥና በመጨረሻ ቡና ይቀርባል። ከ10 ዩሮ በታች ነው፣ እስከ ማታም ያቆያል። ቱሪስት የሚያጣብበው ቦታ ላይ አይፈልጉት።

ፓኤያ የዚህች ከተማ ምግብ ነው። እውነተኛው ውስጥ ዶሮ፣ ጥንቸል፣ ፎሶሊያና ነጭ ባቄላ እንጂ ዓሣና ቋሊማ አይገባም። በምሳ ይበላል፣ ብዙ ቦታ ከሁለት ሰው በታች አይሠሩትም፣ በሰው ከ15 እስከ 20 ዩሮ ይዘው ይሂዱ። ሩዙ የሚበቅለው ከከተማዋ በስተደቡብ አልቡፌራ በሚባለው ሐይቅ ዙሪያ ነው። በከተማ አውቶቡስ ኤል ፓልማር መንደር ድረስ ሄዶ እዚያው መብላት ይቻላል።

ጿሚ ምን ያድርግ? ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ማራቶኑ የሚውለው በገና ጾም ነው፣ ፋያስ ደግሞ ሁልጊዜም ዐቢይ ጾም ውስጥ ይገባል። ስፔን ውስጥ አትክልት ብለው ያዘዙት ላይ ሐሞን፣ ማለትም የአሳማ ሥጋ፣ ተበትኖ ሊመጣ ይችላል። ሥጋ አልፈልግም ማለት ብቻውን አይበቃም። «ቬጋኖ» የምትለዋን ቃል ይዘው ይሂዱ፤ ሥጋውንም እንቁላሉንም ወተቱንም በአንዴ ታስቀራለች። የአትክልት ፓኤያ ሲያዙ መረቁ ከምን እንደሆነ ይጠይቁ። ዳቦ በቲማቲምና በወይራ ዘይት የትም አለ። ኦርቻታም አለላችሁ። ቹፋ ከሚባል ትንሽ የሥር ፍሬ የሚጨመቅ፣ ወተት የሚመስል ግን ወተት የሌለበት ቀዝቃዛ መጠጥ ነው፤ ለጿሚ የተሠራ ይመስላል። አብሮት የሚቀርበው ፋርቶን የተባለው ለስላሳ ዳቦ ግን እንቁላል አለበት። ሙስሊም ወገኖች ሩሳፋ አካባቢ የሐላል ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት ያገኛሉ።

በነጻና በርካሽ የሚታየው

ከተማዋን የሚያቋርጥ ቱሪያ የሚባል ወንዝ ነበር። ኦክቶበር 14 ቀን 1957 ሞልቶ ከ80 የማያንሱ ሰዎች ገደለ። ከዚያ በኋላ ወንዙን ከከተማዋ በስተደቡብ አዲስ ቦይ ቆፍረው አዞሩት። አሮጌው የወንዝ መሄጃ መናፈሻ ሆነ፣ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ድልድዮቹ አሁንም ከላይ አሉ፤ ከሥራቸው ግን ሯጭ፣ ብስክሌተኛና ኳስ ተጫዋች ነው የሚያልፈው። ኦክቶበር 29 ቀን 2024 በክፍለ ሀገሩ የደረሰው ጎርፍ ከ220 በላይ ሰው ሲገድል መሀል ከተማውን ያተረፈው ያ አዲስ ቦይ ነው። ጉዳቱ ከቦይው ባሻገር ባሉ ከተሞች ላይ ከረረ። በመኸራቸው ወቅት የሚሄድ ሰው ስልኩ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ቀልድ አይደለም፣ ከቤት አይውጣ።

መናፈሻው ወደ ባሕሩ በኩል የሚያበቃው «የኪነ ጥበብና የሳይንስ ከተማ» የሚባለው የሕንጻዎች ስብስብ ጋ ነው። አብዛኛውን የነደፈው የከተማዋ ተወላጅ ሳንቲያጎ ካላትራቫ ነው። የማራቶኑ ፍጻሜ እዚያ ውሃው ላይ በተዘረጋ ሰማያዊ መድረክ ላይ ነው። ውጪውን መዞር ነጻ ነው። ውስጡ ያለው ትልቁ የዓሣ ማሳያ ከ30 ዩሮ በላይ ያስከፍላል፤ ልጅ ከሌለ ሊቀር ይችላል።

በአንጻሩ ላ ሎንሃ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መሠራት የጀመረው የሐር ገበያ አዳራሽ፣ 2 ዩሮ ገደማ ነው። ዩኔስኮ በ1996 መዝግቦታል። ፊት ለፊቱ ያለው በ1928 የተከፈተው ማዕከላዊ ገበያ የመግቢያ ክፍያ የለውም፤ እሑድ ዝግ ነው፣ በሌላው ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይዘጋል። የካቴድራሉን ሚካሌት ግንብ 207 ደረጃ ወጥቶ ከተማውን ማየት ጥቂት ዩሮ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እዩ ብባል ግን የውሃ ችሎቱን እመርጣለሁ። ሐሙስ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ በካቴድራሉ የሐዋርያት በር ፊት ለፊት፣ ጥቁር ካባ የለበሱ ገበሬዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። በዙሪያው ያሉትን እርሻዎች የሚያጠጡ ስምንት መስኖዎች ተወካዮች ናቸው። «የእገሌ መስኖ ተከሳሽ አለ?» ተብሎ በየተራ ይጠራል። ክስ ካለ እዚያው በቃል ይሰማል፣ እዚያው ይፈረዳል፤ ጠበቃ የለም። የውሃ አባት ተራ የሚያከፋፍልበት አገር ያደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ብዙ ሐሙስ ከሳሽ ስለማይኖር በደቂቃዎች ያልቃል። ስለዚህ ሩብ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ነው። ሰው ሲጋፋ ደግሞ ኪስ አውላቂ አይጠፋምና ስልክዎን ከኋላ ኪስ ያውጡ።

ሲመለሱ ደግሞ አንድ ቀሪ ሒሳብ አለ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የሚኖር ሰው ከገዛው ዕቃ ላይ የከፈለውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ማስመለስ ይችላል፣ ስፔን ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ዝቅተኛውን የግዢ መጠን አንስታለች። ሲገዙ ፓስፖርት አሳይተው ለዚሁ የሚሆነውን ፎርም ይጠይቁ። አየር ማረፊያ ላይ ዲቫ የሚባል ማሽን አለ፣ ፎርሙን እሱ ላይ አስነብበው ያጸድቃሉ። ይሄ የሚደረገው ሻንጣው ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ ጉምሩክ ዕቃውን ልይ ሊል ይችላልና።