ዩታኔዥያ ምንድን ነው?

የማይድን ሕመም የያዘው ሰው ሥቃዩ ሲጠናበት «ዶክተር፣ በቃኝ፤ ይገላግሉኝ» ይላል። ሐኪሙ ልመናውን ሰምቶ፣ ደጋግሞ አረጋግጦ፣ ሕይወቱን የሚያቋርጥ መድኃኒት በገዛ እጁ ቢሰጠው ያ ድርጊት ዩታኔዥያ ይባላል። «የምሕረት ግድያ» የሚሉትም አሉ።

ሦስት ነገር አብሮ መገኘት አለበት። ድርጊቱ ሆን ተብሎ ሞትን ለማምጣት የተደረገ ነው። የጠየቀው ታማሚው ራሱ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ሥቃዩን ማስቆም ነው። አንዱ ከጎደለ የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። ይህንን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ የቆሙ ቤተሰቦች «እኛ ነን የገደልነው?» እያሉ ለዓመታት ሲጸጸቱ ይኖራሉ። ብዙ ጊዜ ያደረጉት ነገር ከዩታኔዥያ ጋር አይገናኝም።

መተንፈሻ ማሽን ማንሳትስ?

እ.ኤ.አ. በ1975 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ካረን አን ኩዊንላን የተባለች የ21 ዓመት ወጣት ራሷን ስታ ወደቀች። ትንፋሿ ተቋርጦ ስለነበር አንጎሏ ክፉኛ ተጎዳ። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ተደረገች። ወራት አለፉ፤ አልነቃችም። ወላጆቿ ካቶሊኮች ነበሩ። ከቄሳቸው ጋር ተማክረው ማሽኑ እንዲነሳላት ጠየቁ። ሐኪሞቹ እምቢ አሉ። መጀመሪያ ጉዳዩን ያየው ፍርድ ቤትም አልፈቀደም። በ1976 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈቀደ፤ ማሽኑም ተነሳ።

ካረን አልሞተችም። በራሷ መተንፈስ ጀመረች። ወላጆቿ በቱቦ የሚሰጣትን ምግብ አላስቆሙም። ሳትነቃ ዘጠኝ ዓመት ኖራ በ1985 በሳንባ ምች ሞተች።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወላጆቿ የፈለጉት ሞቷን ቢሆን ኖሮ፣ ትንፋሿ ሲመለስ ሌላ መንገድ በፈለጉ ነበር። እነሱ ያሉት ግን ማሽኑ አይበጃትም ነው። ማሽን ተነስቶለት ታማሚው ቢተርፍ ማንም ሊጨርሰው አይነሳም። በዩታኔዥያ ግን ታማሚው ቢተርፍ ሐኪሙ የታሰበው አልሆነም ብሎ ይደግመዋል። ሕክምና አልፈልግም ማለትም እንዲሁ ነው። አእምሮው ንቁ የሆነ አዋቂ ሰው «ኪሞው ይብቃኝ»፣ «የኩላሊት እጥበቱን አቁሙልኝ» ቢል፣ ሐኪሙ ቢሰማው፣ የሚገድለው በሽታው ነው።

ሁለተኛው ግራ የሚያጋባ ነገር ሞርፊን ነው። በካንሰር የሚሠቃይ ሰው ሞርፊን ሲሰጠው ዘመድ ይፈራል፤ «ይህ እኮ መግደል ነው» የሚል ሹክሹክታ ይነሳል። አይደለም። በአግባቡ እየተመጠነ የሚሰጥ ሞርፊን ሕመም ያስታግሳል፤ ሐኪሙ የሚፈልገውም ያንን ነው። በዩታኔዥያ ላይ ጥብቅ አቋም ያላት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ይህንን ትቀበላለች። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1957 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ ሌላ መንገድ ከሌለ ሕመም ማስታገሻ ዕድሜ ሊያሳጥር የሚችል ቢሆን እንኳ ዓላማው ሕመምን ማስታገስ እስከሆነ ድረስ መስጠት እንደሚቻል ተናግረዋል።

ይህንን ልዩነት የማይቀበሉ ፈላስፎች አሉ። ከሁሉም የሚታወቀው አሜሪካዊው ጄምስ ራቸልስ ነው። በ1975 ያቀረበው ምሳሌ ይህ ነው። ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም የአጎታቸው ልጅ ቢሞት ውርስ ያገኛሉ። አንደኛው ልጁን በገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ደፍቆ ይገድለዋል። ሁለተኛውም ሊገድል ይገባል፤ ልጁ ግን አዳልጦት፣ ጭንቅላቱን መትቶት ውኃው ውስጥ ይሰጥማል። ሰውየው ቆሞ ያያል። ራቸልስ ታዲያ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አይሻልም። ስለዚህ መግደልና ሲሞት ማየት በራሳቸው ልዩነት የላቸውም ይላል።

ምሳሌው ኃይለኛ ነው። እኔን ግን አላሳመነኝም። ሁለቱ ሰዎች የሚመሳሰሉት ሁለቱም የልጁን ሞት ስለፈለጉ ነው። ማሽን የሚያነሳ ሐኪም ግን ሞቱን ላይፈልግ ይችላል፤ የካረን ታሪክ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። እርግጥ ሞቱን ፈልጎ ማሽን የሚነቅልም ይኖራል። ለእሱ የራቸልስ ነቀፋ በትክክል ይደርሰዋል።

የመጨረሻው እጅ የማን ነው?

ከዩታኔዥያ ጋር ጎን ለጎን የሚነሳ ሌላ ነገር አለ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ያዝዛል፤ የሚወስደው ግን ታማሚው ራሱ ነው። ይህ በሐኪም የታገዘ ሞት ይባላል። ብዙ አገሮች አንዱን ፈቅደው ሌላውን ይከለክላሉ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዩታኔዥያ ወንጀል ነው። ራሱን ለማጥፋት የወሰነን ሰው መርዳት ግን የሚያስቀጣው የረዳው ሰው ለራሱ ጥቅም ብሎ ያደረገው ከሆነ ብቻ ነው። ሕጉ ከ1942 ጀምሮ ያለ ነው።

በአሜሪካ ቀዳሚዋ ኦሪገን ናት። ሕዝቡ በ1994 ድምፅ ሰጠበት፤ ሕጉ በ1997 ሥራ ላይ ዋለ። ታማሚው አዋቂ መሆን፣ ከስድስት ወር በላይ እንደማይኖር በሁለት ሐኪሞች መረጋገጥ አለበት። ግዛቲቱ በየዓመቱ ሪፖርት ታወጣለች፤ እኔም ይህን ርዕስ ለሚያነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ከዚያ ሪፖርት ነው። መድኃኒቱ ከታዘዘላቸው ሰዎች እስከ ሲሶ የሚደርሱት ሳይወስዱት በሕመማቸው ይሞታሉ። ለእነዚህ ሰዎች መድኃኒቱ መኖሩ ብቻ በቂ እፎይታ የሆነላቸው ይመስላል።

ሌላም አለ። ሰዎቹ ለምን እንደጠየቁ ሲመዘገብ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የሚመጣው ሕመም አይደለም። ራስን ችሎ መኖር አለመቻል፣ የሚወዱትን ነገር መሥራት አለመቻል፣ ክብርን ማጣት ይቀድማሉ። ከአሥሩ አራት አምስቱ ደግሞ ለቤተሰብ ሸክም መሆንን ይጠቅሳሉ። ይህን የመጨረሻውን ያዙልኝ።

ሕጉ የቆመባቸው ሁለት እግሮች

ዩታኔዥያን በሕግ አውጥታ የፈቀደች የመጀመሪያዋ አገር ኔዘርላንድስ ናት፤ ሕጉ በ2002 ሥራ ላይ ዋለ። ቤልጂየም በዚያው ዓመት ተከተለች፤ ሉክሰምበርግ በ2009። ኮሎምቢያ ውስጥ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ቀደም ብሎ በ1997 ወንጀልነቱን አንስቶ ነበር። ካናዳ በ2016፣ ስፔን በ2021፣ ኒውዚላንድ ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ በ2021 ገቡበት።

የኔዘርላንድስን ሕግ ቀረብ ብለን እንየው። ሐኪሙ ጥያቄው በፈቃደኝነትና በደንብ ታስቦበት የቀረበ መሆኑን ማመን አለበት። ሥቃዩ የማይቻልና የመሻሻል ተስፋ የሌለው መሆን አለበት። ሌላ ምክንያታዊ አማራጭ እንደሌለ ከታማሚው ጋር ተስማምተው መደምደም አለባቸው። ጉዳዩ የማይነካው ሌላ ሐኪም ታማሚውን አይቶ አስተያየቱን በጽሑፍ ይሰጣል። ከሞቱ በኋላ ሪፖርት ይደረጋል፤ የሕግ ባለሙያ፣ ሐኪምና የሥነ ምግባር ባለሙያ ያሉበት ኮሚቴ ይመረምረዋል። በ2023 በዚህ መንገድ የሞቱት 9,068 ሰዎች ናቸው፤ በአገሪቱ በዚያ ዓመት ከተመዘገበው ሞት 5 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ሕጉ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ፈቃድና ሥቃይ። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ጋ ነው። ዩታኔዥያ ትክክል የሚሆነው ሰው በራሱ ሕይወት ላይ ስለሚያዝ ከሆነ፣ ለምን መታመም አስፈለገው? ጤነኛውም ቢጠይቅ መብቱ ነው። በሌላ በኩል ትክክል የሚሆነው ሥቃይን ማስቆም ርኅራኄ ስለሆነ ከሆነ፣ ለምን መጠየቅ አስፈለገው? መናገር የማይችለውም እኮ ይሠቃያል። ሁለቱ ምክንያቶች ለየብቻቸው ሲቆሙ አንዱ ሌላውን ትርፍ ያደርገዋል።

ይህ የወረቀት ላይ ፍልስፍና አይደለም፤ ሆኖ ታይቷል። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2020 የፈቃድን መንገድ እስከ ጥግ ሄደበት። ራስን ለማጥፋት የሌላን ሰው እርዳታ የመጠየቅ መብት የግድ ከሕመም ጋር የተያያዘ አይደለም ብሎ ወሰነ። በሌላኛው መንገድ ደግሞ ቤልጂየም በ2014 ለልጆች የነበረውን የዕድሜ ገደብ አነሳች። በእርግጥ ልጁ የሚለውን የሚያውቅ መሆን፣ ወላጆቹም መስማማት አለባቸው። ኔዘርላንድስ በ2024 ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ለሆናቸው፣ ሌላ ማስታገሻ ለሌላቸውና በቅርቡ ለሚሞቱ ሕፃናት የሚሆን ደንብ አወጣች። የሁለት ዓመት ሕፃን «ገላግሉኝ» አይልም። ውሳኔው የወላጅና የሐኪም ነው። ያኔ መጀመሪያ ላይ ከጠቀስኳቸው ሦስት መመዘኛዎች አንዱ ጠፍቷል።

ካናዳ ደግሞ በ2021 «ሞቱ የቀረበ» የሚለውን መስፈርት አነሳች። ለዓመታት መኖር የሚችል የአካል ጉዳተኛም መጠየቅ ቻለ። የአእምሮ ሕመም ብቻ ያለባቸው ሰዎች ይፈቀድላቸው ወይስ አይፈቀድላቸው የሚለው ደግሞ እየተገፋ እየተገፋ እስከ 2027 ተራዝሟል።

ይህን ሁሉ ቁልቁለት ነው የሚሉ አሉ፤ አንዴ ከተጀመረ አይቆምም ማለታቸው ነው። እኔ በዚህ ቃል አልጠቀምም። ኦሪገን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በዋና ዋናዎቹ መስፈርቶቿ ጸንታ ቆይታለችና። ነገር ግን ሕጉ የቆመባቸው ምክንያቶች ራሳቸው ወደ ፊት እንደሚገፉት መካድ አይቻልም።

የአካል ጉዳተኞች ፍርሃት

በክርክሩ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምሰማው የአካል ጉዳተኞችን ድምፅ ነው። ብዙ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት እንዲህ ያለውን ሕግ ይቃወማሉ። «ልብስ የሚያለብሰኝ፣ የሚያጥበኝ ሰው ካስፈለገኝ ክብሬን አጣሁ» የሚለው ምክንያት ለእነሱ የየዕለት ኑሯቸው ነው። እነሱ በዚያ ኑሮ ውስጥ ሆነው ይሠራሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይስቃሉ። ሕግ ያንን ሁኔታ ለሞት በቂ ምክንያት ሲያደርገው ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያዳግትም። ታሪክም አለ። ናዚ ጀርመን ከ1939 ጀምሮ የአእምሮ ሕሙማንንና የአካል ጉዳተኞችን በጅምላ የገደለችው «ዩታኔዥያ» በሚል ስም ነበር። እስከ ነሐሴ 1941 ብቻ ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎች በጋዝ ተገድለዋል። ከእነዚያ ውስጥ የጠየቀ ማንም የለም። የዛሬዎቹን ሕጎች ከዚያ ጋር ማመሳሰል ፍትሐዊ አይደለም፤ ፍርሃቱን ከንቱ ማለትም እንዲሁ።

አሁን «ሸክም ሆንኩ» ወደሚለው እንመለስ። አንዲት እናት ልጆቿ ተራ ገብተው ሲያስታምሟት፣ ሥራ ሲቀሩ፣ ገንዘብ ሲጨርሱ ታያለች። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ሕጉ ምርጫውን ሲያቀርብላት ግን አለመምረጧ ራሱ ማብራሪያ የሚፈልግ ነገር ይሆንባታል። ይህን ግፊት ሁለት ሐኪምና አንድ ኮሚቴ እንዴት ይለካዋል? ለዚህ ነው እኔ ዩታኔዥያን በሕግ ከመፍቀድ ወደ ኋላ የምለው። ፈቃድ አለ ወይስ የለም ለማለት ፊርማ ብቻውን አይበቃም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ፓሊየቲቭ ኬር የሚባለው የማስታገሻ ሕክምና ነው። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳውንደርስ በ1967 ለንደን ውስጥ ለሞት የተቃረቡ ሕሙማን ማረፊያ ስትከፍት፣ ሕመም የአካል ብቻ አይደለም፤ የመንፈስም፣ የቤተሰብም፣ የኑሮም ነው የሚል ሐሳብ ይዛ ነበር። ሞርፊን ሕመሙ ሲመጣ በልመና ሳይሆን ቀድሞ በሰዓቱ እንዲሰጥ አደረገች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ ሕክምና በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ያስፈልጋል፤ የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሞርፊን በሌለበት አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሞትን ቢለምን መርጧል ማለት ይከብደኛል።

ሆኖም ሐቁን ሳልደብቅ ልናገር። ማስታገሻ ሕክምና ከተስፋፋ ጥያቄው ይጠፋል የሚሉ ወገኖች ተሳስተዋል። ኦሪገን ውስጥ በዚህ ሕግ ከሞቱት አብዛኞቹ፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል፣ የሆስፒስ፣ ማለትም ለሞት ለተቃረቡ ሕሙማን የሚደረግ የማስታገሻ እንክብካቤ እያገኙ የነበሩ ናቸው። ጡንቻው አንድ በአንድ እየከዳው፣ አእምሮው ግን ሙሉ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ሥቃይ በሞርፊን አይፈታም። ለእሱ ያለኝ መልስ ደካማ መሆኑን አውቃለሁ። የእኔ አቋም ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው እሱ ነው።

በሽተኛ አልጋ አጠገብ ላለ ሰው ግን አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። ታማሚው «ገላግሉኝ» ሲል አብዛኞቻችን «ተው፣ እንዲህ አይባልም» ብለን አፉን እናስይዘዋለን። በማስታገሻ ሕክምና የሠለጠኑ ሐኪሞች ግን ወንበር ስበው ይቀመጡና ምን እንደከበደው ይጠይቁታል። ሌሊት የሚብሰው ሕመም ነው? ትንፋሽ አጥሮ መሞትን ፈርቶ ነው? እንቅልፍ አጥቶ ነው? ድብርት ገብቶበት ነው? ልጆቹን አስቸገርኩ ብሎ ነው? ለአንዱ መድኃኒት አለው፣ ለሌላው ሕክምና፣ ለሌላው የቤተሰብ ንግግር። ማሽን ላይ መደረግ እንደማይፈልግም ካሁኑ መናገርና ማስጻፍ ይችላል፤ ይህ የማንንም ሕግ ለውጥ አይጠብቅም፣ ዩታኔዥያም አይደለም። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም «ገላግሉኝ» የሚል ሰው ይኖራል። ክርክሩ በእውነት የሚጀምረው ከእሱ ጋር ነው።